አሞክሲሲሊን ያለ መለኪያና ያለ ምክር እየታደለ ነው፦ ለጤና ተቋማችን አስተዳደር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለጤና ተቋሙ ሥራ አስኪያጅ
ለመድኃኒት አቅርቦትና አገልግሎት ክፍል ኃላፊ

ጉዳዩ፦ የምክር መስኮቱ መዘጋትና አዲሱ የእደላ አሠራር በአንቲባዮቲክ አወሳሰድ ላይ ያስከተለውን ችግር ስለማሳወቅ

ክቡራን ኃላፊዎች፣

የመድኃኒት ምክር መስኮቱ ተዘግቶ ሥራው ከእደላው ጋር እንዲጠቃለል ወስናችኋል። ከዚሁ ጋር የሽሮፕ ዱቄት ሳይበጠበጥ እንዲሰጥ፣ የመለኪያ ሲሪንጅ ግዢ እንዲቀር፣ ካፕሱሎች አስቀድመው በእኩል ቁጥር በከረጢት እንዲዘጋጁ፣ በከረጢቱ ላይ የሚጻፈውም ከአንድ መስመር እንዳይበልጥ ታዟል። በእደላ መስኮቶቹ ለምንሠራ ፋርማሲስቶችና ቴክኒሻኖች የተሰጠን ምክንያት ሰልፉን ማሳጠር ነው። ሰልፉ አጥሯል፤ አንክድም። ያጠረው ግን ተገልጋዩ መድኃኒቱን እንዴት እንደሚወስድ ሳያውቅ ከመስኮቱ እንዲነሳ በማድረግ ነው።

አሞክሲሲሊንን ነጥለን የምንጽፈው በየቀኑ ከሁሉም በላይ ከእጃችን የሚወጣ አንቲባዮቲክ እሱ ስለሆነ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 አንቲባዮቲኮችን በሦስት ምድብ ሲከፍል፣ አሞክሲሲሊንን በቅድሚያ ሊታዘዙ ከሚገባቸውና በስፋት ሊገኙ ከሚገባቸው መካከል አስቀምጦታል። በትክክል ከተወሰደ ጠንካራውን መድኃኒት ለክፉ ቀን ያቆይልናል። በስህተት ሲወሰድ «አልሠራም» ይባልና ታካሚው ወደ ከባዱ ይሸጋገራል። ደብዳቤውን ለእናንተ ብቻ ያልላክነው፣ አሠራሩ እስኪስተካከል ድረስ መድኃኒቱን ዛሬ ይዘው የሚሄዱ ሰዎች ማወቅ ያለባቸው ነገር ስላለ ነው።

የመጀመሪያው ቅሬታችን ስለ ዱቄቱ ነው። የልጆች ሽሮፕ ከፋብሪካ ደረቅ ሆኖ የሚመጣው መድኃኒቱ ውሃ ከነካው ጀምሮ ቀስ በቀስ ስለሚበላሽ ነው። ስለዚህ የተበጠበጠበት ቀን ዕድሜው መቆጠር የሚጀምርበት ቀን ነው። ይህን ሥራ እስካሁን የምንሠራው እኛ ነበርን። ጠርሙሱን በመዳፍ መታ መታ አድርገን ከሥር የተጋገረውን ዱቄት እናላቅቃለን። በእሽጉ ላይ የተጻፈውን የውሃ መጠን በመለኪያ እንወስዳለን፤ ውሃው ፈልቶ በደንብ የቀዘቀዘ መሆን አለበት። ከፊሉን ጨምረን ዱቄቱ በሙሉ እስኪርስ እንነቀንቃለን፣ ቀሪውን ጨምረን ደግመን እንነቀንቃለን፣ አረፋው ሲበርድ ፈሳሹ በጠርሙሱ ላይ ካለው መስመር መድረሱን አይተን ቀኑን እንጽፍበታለን።

አሁን ይህ ሁሉ ለወላጅ ተትቷል። ወላጅ የሚያደርገው ደግሞ የታወቀ ነው፦ ውሃውን በአንድ ጊዜ እስከ መስመሩ ይሞላና ይነቀንቃል። ከላይ ያለው ሲርስ ከሥር ያለው እንደተጋገረ ይቀራል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሽሮፕ ቀጭን፣ የመጨረሻዎቹ ደግሞ ወፍራም ይሆናሉ፤ ልጁ ሕመሙ በጠናበት ቀን ትንሹን መድኃኒት ያገኛል ማለት ነው። ዱቄቱ ሲርስ ፈሳሹ ከመስመሩ ዝቅ ስለሚል፣ ያኔ እስከ መስመሩ መመለስ እንዳለበት የሚያውቅ ጥቂት ነው። በሌላ በኩል መድኃኒቱ በተወሰደለት ቁጥር የጎደለውን በውሃ እየሞላ የሚያቀጥንም አለ። በሙቅ ውሃ የሚበጠብጥ አለ፤ ሙቀቱ መድኃኒቱን ይጎዳዋል። ዱቄቱን በማንኪያ እየቆነጠረ በየጊዜው በውሃ የሚያቀልጥም ገጥሞናል። የዚህኛው ልጅ ምን ያህል እንደወሰደ ማንም ሊያሰላው አይችልም።

የዕድሜው ነገርም እንደ መድኃኒቱ ይለያያል። ብቻውን ያለው አሞክሲሲሊን ከተበጠበጠ በኋላ እንደ አምራቹ 7 ወይም 14 ቀን ይቆያል፤ ማቀዝቀዣ ቢኖር ይመረጣል። ከክላቩላኒክ አሲድ ጋር የተቀላቀለው፣ ብዙ ሰው ኦግመንቲን ብሎ የሚያውቀው፣ ቶሎ ስለሚበላሽ ማቀዝቀዣ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ አብዛኛውም ከ7 ቀን በላይ አያገለግልም። ሁለቱም በበረዶ ቤት መቀመጥ የለባቸውም። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤተሰብ ይህን የተቀላቀለውን ይዞ ሲሄድ «ማቀዝቀዣ አላችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ዛሬ በመስኮቱ የለም።

ሁለተኛው የመለኪያው ጉዳይ ነው፤ በዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ ልንሠራ ግድ ይለናል። ሽሮፑ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ጥንካሬ ይመጣል፦ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 125 ሚሊ ግራም ያለውና 250 ሚሊ ግራም ያለው። ጠርሙሶቹ ይመሳሰላሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚለያቸው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ክብደቱ 10 ኪሎ የሆነ ልጅ ለሳንባ ምች በኪሎ 40 ሚሊ ግራም፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለ5 ቀን ታዘዘለት እንበል። በአንድ ጊዜ የሚወስደው 400 ሚሊ ግራም ነው። በ250ው ሽሮፕ 8 ሚሊ ሊትር፣ በ125ቱ ግን 16 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ከረጢቱ ላይ «አንድ ማንኪያ በቀን ሁለቴ» የሚል ጽሑፍ ከሁለቱ የትኛውን ይገልጻል? አንዱንም። ማንኪያውም ራሱ አንድ ዓይነት አይደለም፤ የሻይ ማንኪያ ወደ 5፣ የሾርባ ማንኪያ ወደ 15 ሚሊ ሊትር ይይዛል፣ የቤት ማንኪያ ደግሞ ከዚህም ከዚያም ይዘላል። በተሳሳተ ማንኪያ ልጁ ሦስት እጥፍ ወይም ሲሶ ሊወስድ ይችላል።

ሒሳቡ በዚህ አያበቃም። ይኸው ልጅ ባለ 100 ሚሊ ሊትሩን 125 ሽሮፕ አንድ ጠርሙስ ብቻ ከተሰጠው፣ በ3 ቀን ውስጥ 96 ሚሊ ሊትር ይወስዳል፤ በአራተኛው ቀን ጠዋት ጠርሙሱ ውስጥ የሚቀረው 4 ሚሊ ሊትር ነው። ለ5 ቀን 160 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ሁለት ጠርሙስ ያስፈልገው ነበር። ቤተሰቡ ግን ጠርሙሱ ሲያልቅ ሕክምናው ያለቀ ይመስለዋል። በ250ው ቢሆን አምስቱ ቀን በ80 ሚሊ ሊትር ይሸፈናል፣ 20 ሚሊ ሊትር ይተርፋል፤ የተረፈው መደፋት እንጂ ለሚቀጥለው ጉንፋን መቀመጥ የለበትም። ስለ መድፋቱ የተጻፈ ነገር በከረጢቱ ላይ የለም፤ በአንድ መስመር አይገባማ።

ባለ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ፣ ያለ መርፌ፣ ይህን ሁሉ ያስቀራል። ጠርሙሱ በእያንዳንዱ ጊዜ ይነቀነቃል፤ መድኃኒቱ ከሥር ስለሚዘቅጥ። ልጁ ቀና ብሎ እንደተቀመጠ ሲሪንጁ በጉንጩ በኩል ገብቶ በዝግታ ይጨመቃል፤ ወደ ጉሮሮ ቀጥ ብሎ ከተረጨ ያንቀዋል። ከተሰጠው በ30 ደቂቃ ውስጥ ካስመለሰው ያው መጠን ይደገምለታል፤ ከዚያ በኋላ ካስመለሰው ግን የሚቀጥለው ሰዓት ይጠበቃል። ሁሌ የሚያስመልሰው ከሆነ ተመልሶ ይታይ።

በነገራችን ላይ፣ መፍትሔው ከሲሪንጅም ሊቀል ይችላል። በውሃ የሚሟሟ ባለ 250 ሚሊ ግራም የአሞክሲሲሊን እንክብል አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለልጆች ሳንባ ምች የሚመክረው እሱን ነው፦ ከ4 ኪሎ እስከ 10 ኪሎ ያልሞላ አንድ፣ ከ10 እስከ 14 ያልሞላ ሁለት፣ ከ14 እስከ 19 ኪሎ ሦስት እንክብል፣ በቀን ሁለት ጊዜ። በጥቂት ንጹህ ውሃ ወይም ወተት ይሟሟል፤ የሚበጠበጥ ጠርሙስ፣ የሚነበብ መስመር፣ ማቀዝቀዣ አያስፈልገውም። በግዢ ዝርዝራችሁ ውስጥ ለምን እንዳልገባ ጠይቀን መልስ አላገኘንም።

ሦስተኛ፣ «አንድ ፍሬ በቀን ሦስቴ» ለማለት በከረጢቱ ላይ የሚጻፈው «1×3» ነው። ይህ ጽሑፍ ለእኛ ይገባናል፤ ለታካሚው ግን ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት ማለት ነው። ጠዋት በ1 ሰዓት፣ ቀን በ7፣ ማታ በ1 የወሰደ ሰው ሌሊቱን 12 ሰዓት ያለ መድኃኒት ያድራል። አሞክሲሲሊን ከሰውነት ቶሎ የሚወጣ ነው፤ ኩላሊቱ ጤነኛ በሆነ ሰው ደም ውስጥ ያለው መጠን በየአንድ ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ባክቴሪያውን የሚገድለውም በአንድ ጊዜ በሚደርስበት ከፍታ ሳይሆን ከሚፈለገው መጠን በላይ በሚቆይበት የሰዓት ርዝመት ነው። ስለዚህ በየ8 ሰዓቱ ሲባል ጠዋት 12፣ ቀን 8፣ ማታ 4 ሰዓት ተብሎ መጻፍ አለበት። ግማሽ ሰዓት ቢዛነፍ ችግር የለውም። የረሳ ሰው ሲያስታውስ ወዲያው ይውሰድ፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከተቃረበ ግን ያለፈውን ይተወው። ለማካካስ ሁለት በአንዴ መዋጥ የለም።

ከረጢቱ ላይ የጎደለው ትልቁ ነገር የማብቂያ ቀኑ ነው። አንድ አዋቂ 500 ሚሊ ግራም በየ8 ሰዓቱ ለ5 ቀን ከታዘዘለት 15 ካፕሱል ይበቃዋል፤ ለ7 ቀን ከሆነ 21። አስቀድሞ የተዘጋጀው ከረጢት ግን 20 ነው የሚይዘው። ለመጀመሪያው 5 ይተርፈዋል፣ ለሁለተኛው 1 ይጎድለዋል። የአንዷ መጉደል ብዙም አትጎዳም እንበል፤ የአምስቱ መትረፍ ግን ይጎዳል። የተረፈው በመሳቢያ ይቀመጥና ጉሮሮው ለከረከረው የቤት ሰው ይሰጣል፣ በቫይረስ ለመጣ ጉንፋን ይዋጣል፣ ወይም ካፕሱሉ ተከፍቶ ቁስል ላይ ይነሰነሳል። ቁስል ላይ የተነሰነሰ ፔኒሲሊን (አሞክሲሲሊንም የዚሁ ቤተሰብ ነው) ቁስሉን እንደማይፈውስና ሰውነትን ለአለርጂ እንደሚያዘጋጅ ደጋግመን ስንናገር ነበር፤ አሁን የምንናገርበት ጊዜ የለንም። ሐኪሙ የጻፈውን ቀን ያህል ቆጥሮ መስጠት ከዚህ ሁሉ ያድናል። ታካሚው ሕመሙ ሲቀልለት በራሱ እንዳያቆም፣ ስለተረፈውም ብቻ እንዳያስረዝም ቀኑ ተጽፎ ማየት አለበት። በ2 ወይም በ3 ቀን ውስጥ ካልተሻለው ወይም ከባሰበት ደግሞ ከረጢቱ እስኪያልቅ መጠበቅ የለበትም፤ ተመልሶ ይታይ።

በዚሁ ላይ ከክላቩላኒክ አሲድ ጋር የተቀላቀለው ሲያልቅብን «ተመጣጣኝ ስጡ» የሚለው የቃል ትእዛዝ አለ። 625 የሚባለው እንክብል 500 ሚሊ ግራም አሞክሲሲሊንና 125 ሚሊ ግራም ክላቩላኒክ አሲድ ነው። 375 የሚባለው ደግሞ 250 እና 125። ሁለት 375 ሲሰጥ አሞክሲሲሊኑ 500 ይሆናል፣ ክላቩላኒክ አሲዱ ግን እጥፍ፣ 250። ትርፉ ተቅማጥና የሆድ ሕመም ነው። እንዲህ ያለውን ሐኪሙን ሳንጠይቅ መቀየር የለብንም፤ ለመጠየቅ ደግሞ ስልክና ሁለት ደቂቃ ያስፈልገናል። የተቀላቀለው ከምግብ ጋር፣ ገበታው ሲጀመር ቢወሰድ ለሆድ ይቀላል። ብቻውን ያለው አሞክሲሲሊን ግን ከምግብ በፊትም በኋላም ይሆናል። «ባዶ ሆድ አይሆንም» ተብለው ምግብ እስኪያገኙ ሰዓቱን የሚያሳልፉ ሰዎች አሉ፤ «ከአንቲባዮቲክ ጋር ወተት ክልክል ነው» ብለው የሚዘሉም አሉ። ወተቱ የሚከለከለው እንደ ዶክሲሳይክሊንና ሲፕሮፍሎክሳሲን ላሉት ነው። አልኮልም እንደዚሁ፤ ጥብቁ ማስጠንቀቂያ ሜትሮኒዳዞል የሚባለው ሌላ መድኃኒት ነው ያለው። ለታመመ ሰው አልኮል ባይኖር ይመረጣል፤ ጠጥቻለሁ ብሎ አሞክሲሲሊኑን መዝለል ግን የባሰ ነው።

አራተኛው ቅሬታችን የአለርጂ ጥያቄው መቅረቱ ነው፤ ከሁሉም የሚያሳስበን ይህ ነው። ብዙ ሰው ፔኒሲሊን ሲባል ትዝ የሚለው መርፌው ነው። በእጁ የያዘው ካፕሱል የዚያው ቤተሰብ መሆኑን አያውቅም። ስለዚህ «አለርጂ አለብዎት?» የሚለው ብቻ አይበቃም፤ «ፔኒሲሊን፣ አምፒሲሊን ወይም አሞክሲሲሊን ወስደው ምን ሆነው ያውቃሉ? ከወሰዱት በስንት ሰዓት? ከዚያ ወዲህስ ደግመው ወስደዋል?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። ወስዶ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ የሚያሳክክ እብጠት የወጣበት፣ ከንፈሩ ወይም ፊቱ ያበጠ፣ ደረቱ ያፈነው ወይም ራሱን የሳተ ሰው አሞክሲሲሊን አይሰጠውም፤ ወደ ሐኪሙ ይመለሳል። እንደ ሴፋሌክሲንና ሴፋድሮክሲል ያሉትን አንቲባዮቲኮችም በራሳችን ልንተካለት አንችልም፤ የሞለኪውል ቅርጻቸው ከአሞክሲሲሊን ጋር ይቀራረባል። «አይስማማኝም» ያለው ሰው ሆዱን ብቻ ነክቶት ከሆነ ደግሞ ያ አለርጂ አይደለም። ፔኒሲሊን አለርጂ አለብኝ ከሚሉት ከ10 ወደ 9ኙ በምርመራ ሲታዩ ሊወስዱት የሚችሉ ናቸው፤ ሳይጠየቁ መከልከላቸውም ወደ ከባድ መድኃኒት ይገፋቸዋል። ሁለቱንም ስህተት የሚያስቀረው ያው ጥያቄ ነው።

እቤት የደረሰ ሰው ደግሞ ምን ሲያይ እንደሚያቆም ማወቅ አለበት። የትንፋሽ ማጠር፣ የፊት ወይም የምላስ እብጠት፣ በድንገት መላ ሰውነትን የወረረ ሽፍታ ከመጣ መድኃኒቱ ወዲያው ይቆማል፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይኬዳል። በሕክምናው ሳምንት መሃል የሚወጣ የማያሳክክ ሽፍታ፣ በተለይ በልጆች ላይ፣ ብዙ ጊዜ ከባድ አይደለም፤ ቢሆንም የሚቀጥለው መጠን ከመሰጠቱ በፊት ባለሙያ ይየው። ቀለል ያለ ተቅማጥ የተለመደ ነው። ደም የቀላቀለ ወይም እንደ ውሃ የሚወርድና የማያባራ ተቅማጥ ግን፣ መድኃኒቱ ካለቀ ከሳምንታት በኋላ ቢመጣ እንኳ፣ ከአንቲባዮቲኩ ጋር ሊያያዝ ስለሚችል መታየት አለበት፤ የተቅማጥ ማቆሚያ በራስ መውሰድ አይገባም። የተቀላቀለውን የወሰደ ሰው ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንቱ ከጠቆረም እንዲሁ፤ ይህም ካቆመ በኋላ ሊመጣ ይችላል።

አምስተኛ፣ የሌሎች መድኃኒቶች ነገር። ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው አሞክሲሲሊን ሲጀምር የደም መርጋት ምርመራው ቀረብ ብሎ መታየት አለበት። ለመገጣጠሚያ ብግነትና ለካንሰር የሚሰጠውን ሜቶትሬክሴት የሚወስድ ሰው አሞክሲሲሊንን ያለ ሐኪም እውቅና መጀመር የለበትም፤ ሜቶትሬክሴቱ በሰውነት ውስጥ ሊከማች ይችላል። ኩላሊቱ በጣም የደከመ ሰው መጠኑ ይስተካከልለታል። የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል የምትወስድ ሴት ካላስመለሳት ወይም ከባድ ተቅማጥ ካልያዛት አሞክሲሲሊኑ የእንክብሉን ሥራ አያደናቅፍባትም። ነፍሰ ጡርና የምታጠባም እናት ሊታዘዝላት ይችላል፤ ለሐኪሙ መናገሯ ግን አይቅር።

ሁሉም ሰው ረጅም ምክር ያስፈልገዋል አላልንም። ለዓመታት የለመደውን የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ተቀብሎ ቢሄድ አይጎዳም። አዲስ አንቲባዮቲክ የጀመረ፣ በተለይም ሕፃን ይዞ የመጣ ግን እንደዚያ አይደለም። ሁለቱን በአንድ ሰልፍ ማቆም ነው ጥፋቱ።

ስለዚህ የሚከተሉትን እንጠይቃለን፦

ለአንቲባዮቲክና ለሕፃናት መድኃኒት ብቻ የሚያገለግል አንድ የምክር መስኮት ይከፈትልን፤ ሌላው ሰልፍ እንዳለ ይቀጥል።

የሽሮፕ ዱቄት ከመስኮቱ ተበጥብጦና ቀን ተጽፎበት ይውጣ። ለሁለተኛው ጠርሙስ፣ ወይም ሩቅ ለሚሄድ ሰው፣ ዱቄቱ እንዳለ ሲሰጥ የውሃው መጠን በሚሊ ሊትር ተጽፎ፣ አበጣጠሩም ታይቶ ይሰጥ።

ከእያንዳንዱ የሕፃናት ሽሮፕ ጋር ሲሪንጅ ይሰጥ፤ የሚወሰደው መጠን እስከሚደርስበት መስመር ድረስ በቀለም እናሰምርበታለን። በውሃ የሚሟሟው ባለ 250 ሚሊ ግራም እንክብልም በሚቀጥለው ግዢ ይካተት።

በከረጢቱ ላይ የታካሚው ስም፣ የመድኃኒቱ ስምና ጥንካሬ፣ በአንድ ጊዜ የሚወሰደው በሚሊ ሊትር ወይም በፍሬ፣ ሰዓቶቹና የማብቂያ ቀኑ ይጻፍ። «ማንኪያ» እና «1×3» ይቅሩ።

ባለ 20ው ዝግጁ ከረጢት ለአንቲባዮቲክ ይቁም፤ በማዘዣው ልክ ቆጥረን እንስጥ።

ሐኪሞች የልጁን ክብደትና መጠኑን በሚሊ ግራም በማዘዣው ላይ እንዲጽፉ፣ የአለርጂ ሣጥኑም ባዶ እንዳይተው በጽሑፍ ይታዘዝ። «ተመጣጣኝ ስጡ» የሚለው የቃል ትእዛዝ ይነሣ፤ ሐኪሙን የምናገኝበት የውስጥ ስልክ ይሰጠን።

ምላሻችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን። እስከዚያው ድረስ ከረጢቱ ላይ ሰዓትና ቀን በእጃችን እየጻፍን እንሰጣለን፤ ሰልፉ በዚህ ምክንያት ቢረዝም ኃላፊነቱን እንወስዳለን።

ከሰላምታ ጋር፣

በመድኃኒት እደላ መስኮቶች የምንሠራ ፋርማሲስቶችና የፋርማሲ ቴክኒሻኖች

ግልባጭ፦
ለተመላላሽና ለሕፃናት ክፍል ሐኪሞችና ነርሶች
ለተቋሙ ተገልጋዮች በሙሉ